ገና የእረኞች በነበረ ጊዜ

ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ ውርጩ ሣሩን በሚያነጣበት በእኛ አገር፣ የገናን መምጣት ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው እረኛ ነበር። ቄሱ በዓሉ በምን ዕለት እንደሚውል ሳይናገሩ፣ እናቶችም ለጠላው ጌሾ ሳይወቅጡ፣ እርሱ ከብት ተከትሎ ሲውል ጫፏ የቆለመመ የወይራ ቅርንጫፍ አይቶ በልቡ ይዟታል። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ይቆርጣታል፤ ልጣጯን ልጦ በእሳት ለብለብ ያደርጋትና ጢስ እንዲጠጣት ከምድጃው በላይ ይሰቅላታል። የገና ጨዋታውን ኳስ፣ ሩሩን፣ ከእንጨት ጉጥ ይጠርባል፤ ጠፍር ያገኘ ደግሞ ጠቅልሎ ይሰፋል። ጾሙ ተጋምሶ የሰፈሩ ሰው ስለ ዶሮና ስለ ቅቤ ማሰብ ሲጀምር፣ እረኛው የራሱን ዝግጅት ጨርሷል።

በእኛ ቤት እረኛ የነበረው ልጅ በእህል ተቀጥሮ ከቆላ የመጣ የሙት ልጅ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ዛሬ የልጆች አባት፣ ባለ ትዳር ሰው ነው። ዕድሜያችን እኩል ቢሆንም ኑሯችን እኩል አልነበረም። እኔ ከአያቴ ጋር መደብ ላይ ስተኛ እርሱ ከጋጣው ሥር ይተኛል። ዓመቱን ሙሉ ከሁሉ በፊት ይነሣል፣ ከሁሉ በኋላ ይበላል። ይህን ያኔ እንደ በደል የሚቆጥረው ሰው አልነበረም፤ ያለፈውን ዘመን ሳነሣ ከነጉድፉ ነው። በዓመት አንድ ቀን ግን ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ ያም ቀን ገና ነው።

ቤታችን እንደ ደገኛው ሁሉ ቤት ሰውም ከብትም የሚያድርበት ነበር። ምድጃው መሃል፣ መደቡ በአንድ ወገን፣ ጋጣው በሌላው ወገን። ሌሊት ላሞቹ ሲያመሰኩ ይሰማል። ብርዱ ሲጠና እኛም ልጆቹ ወደ ጋጣው ወገን እንጠጋለን፤ የከብት ትንፋሽ ያኔ ከነበረን ጋቢ የተሻለ ያሞቅ ነበር። ስለዚህ ጌታ በግርግም ተኛ፣ እንስሳቱም በትንፋሻቸው አሟሟቁት ሲባል ማብራሪያ የሚጠይቅ ልጅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1223 ፍራንሲስ ዘአሲሲ የተባለው መነኩሴ በጣልያን ግሬቾ በምትባል መንደር ድርቆሽ አስነጥፎ፣ በሬና አህያ አስመጥቶ፣ ሕዝቡ የቤተ ልሔምን ድህነት በዓይኑ እንዲያይ አድርጓል። ዛሬ በዓለም ሁሉ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚሠራው የግርግም ትዕይንት የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ፍራንሲስ ለሕዝቡ በስንት ድካም ያዘጋጀው ነገር እኛ ቤት በየሌሊቱ ይገኝ ነበር። የእበቱ ሽታ፣ የጭድ ብናኝ፣ በጨለማ የምትተነፍስ ላም። አምላክ ወደዚህ መጣ ሲሉን የት እንደመጣ እናውቅ ነበር።

የዋዜማው ዕለት ጾሙ ጠበቅ ይላል። ማታ በጊዜ ተኝተን ሌሊት እንቀሰቀሳለን። አያቴ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ጧፏን ይዛ ትቀድማለች፤ እኛ በባዶ እግራችን ውርጩን እየረገጥን እንከተላለን። ደብሩ ስንደርስ ማኅሌቱ ተቁሟል፤ ጸናጽሉና ከበሮው ከሩቅ ይሰማል። እረኛው ከእኛ ጋር ነው፤ የዚያን ሌሊት ከብቱን ጠብቆ የሚያድርለት አጎቴ ነበር፤ ይህ የአያቴ ትእዛዝ ነው። «ዛሬ እርሱ ካልሰማ ማን ሊሰማ ነው?» ትል ነበር።

ከደብሩ በስተምሥራቅ፣ ለቅዳሴ የሚቀርበው ኅብስት የሚጋገርባት ቤተ ልሔም አለች። በየትኛውም የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይህች ትንሽ ቤት አትጠፋም። ልጆች ሳለን ጌታ የተወለደው በእርሷ ውስጥ ይመስለን ነበር፤ ሲነጋጋ ጭሱ ከጣሪያዋ ሲወጣ አይተን ሕፃኑን እያሞቁት ነው እንባባላለን። ማንም አላረመንም። ዛሬ ሳስበው ማንም ባያርመን ደግ አደረገ እላለሁ፤ ያ ኅብስት ምን እንደሚሆን የሚያምን ሰው ልጆቹ ከእውነቱ ብዙ እንዳልራቁ ያውቃል።

ከዚያ ወንጌሉ ይነበባል። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የሚጀምረው በአውግስጦስ ቄሣር ትእዛዝ ነው፤ ዓለሙ ሁሉ ይጻፍ ተባለ። የቄሣሩም የአገረ ገዢውም ስም በክብር ሰፍሯል። ዮሴፍ ከዳዊት ወገን ነውና ሊጻፍ ወደ ቤተ ልሔም ወጣ፤ ማርያም በዚያ ወለደችው፤ በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ አልነበራቸውምና በግርግም አስተኛችው። ቀጥሎ ሉቃስ ሌሊት መንጋቸውን የሚጠብቁ እረኞችን ያመጣል፤ የአንዳቸውንም ስም ግን አይነግረንም። መልአኩ የሄደው ስማቸው ወዳልተጻፈ ሰዎች ነው። ኢየሩሳሌም ከቤተ ልሔም ከ10 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ቤተ መቅደሱ በዚያ ነበር፣ ካህናቱ በዚያ ነበሩ፣ ሄሮድስም በዚያ ነበር። እንዲያውም ማቴዎስ እንደሚነግረን ሰብአ ሰገል መጥተው ሲጠይቁ ጸሐፍቱ የሚክያስን ትንቢት ጠቅሰው ቦታውን በትክክል ተናገሩ። ከእነርሱ መካከል ግን ተነሥቶ የሄደ የለም። መንገዱን አሳዩና ቀሩ። የሄዱት እረኞቹና ከሩቅ አገር የመጡት እንግዶች ናቸው።

ይህ ሲነበብ የእኛን እረኛ ፊት አይ ነበር። መጽሐፍ አያነብም፤ ግዕዙንም አይሰማም። መምሬ ግን በአማርኛ ሲተረጉሙት «እረኞች» የሚለው ላይ ሲደርሱ አንገቱን ቀና ያደርጋል። ዓመቱን ሙሉ ስለ ነገሥታትና ስለ ሊቃውንት ሲነገር ሰምቶ፣ በዚያች ሌሊት ስለ ራሱ ሲነገር ይሰማል።

ሲነጋ ቤት እንገባለን። ዶሮው ከሌሊት ጀምሮ ሲንተከተክ አድሯል፤ ቄጠማው ተጎዝጉዟል። ድፎ ዳቦው ይቀርባል፤ መምሬ ይባርኩታል፤ አያቴ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእርሳቸው ትሰጥና ሁለተኛውን ይዛ «ና ልጄ፣ ቅደም» ትለዋለች፤ እረኛውን። አባቴ፣ አጎቶቼ፣ የተጋበዙት ጎረቤቶች ሁሉ እጃቸውን ታጥበው ይጠብቃሉ። በሌላ ቀን ይህ ቢደረግ ቤቱ ይረበሽ ነበር። በገና ግን የተናገረ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ጨዋታው ነው። ላይኛው ሰፈርና ታችኛው ሰፈር በአውድማው ሜዳ ይሰለፋል፤ ሩሯ ትጣላለች፤ ከዚያ ወዲያ ዱላው የሚያርፈው ሩሯ ላይ ይሁን የሰው ቅልጥም ላይ የሚለይ የለም። እረኞቹ የምሥራቹን ሲሰሙ ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ሩር ሲመቱ ዋሉ ተብሎ ይተረካል፤ የጨዋታውም መነሻ ይህ ነው ይባላል። በዚያ ሜዳ ጌታና ሎሌ የለም። የባላባቱ ልጅ በእረኛው ዱላ ተመትቶ እያነከሰ ቢወጣ ዳኛ ጋ የሚሄድ የለም፤ በገና ጨዋታ ጌታም እንደማይቆጣ አገሩ ሁሉ ያውቃል። አዲስ አበባም ጃንሜዳ ላይ መኳንንትና ሕዝብ እንዲሁ ተቀላቅለው ይጫወቱ እንደነበር ሽማግሌዎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ለእኛ እረኛ ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመበት ሁሉ በዚያች ከሰዓት የሚወጣለት ይመስለኛል። ጎበዝ ተጫዋች ነበር። ሲያሸንፉ በትከሻ ተሸክመው ያመጡት ነበር፤ ከቤታችን ደጃፍ ሲደርሱ አባቴ ራሱ ወጥቶ ጠላ ይቀዳላቸዋል።

ስለ ቀኑ ሲነሣ የአያቴን አቆጣጠር ሳልናገር አላልፍም። ገብርኤል ለእመቤታችን ያበሠራት መጋቢት 29 ነው። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 29 ድረስ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ 275 ቀን ይሆናል። ጳጉሜ 6 በሆነች ማግስት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በዓሉ ወደ ታኅሣሥ 28 ይመለሳል፤ አንድ ቀን እንዳይበልጥ። ይህን መምሬ በጣታቸው እየቆጠሩ ሲያስረዱ አያቴ በአንድ ቃል ትጨርሰዋለች፦ «እመቤታችን ቀኗን አታሳልፍም።» ብዙ ያዋለደች ሴት ናትና ነገሩን ከእኛ ይልቅ ታውቀዋለች።

ዛሬ አሜሪካና አውሮፓ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን ሁለት ገና አይተው «ጌታ ስንት ጊዜ ተወለደ?» ይላሉ። ጥያቄው ቅን ነው፤ መልስም አለው። በመጀመሪያዎቹ ክፍለ ዘመናት ክርስቲያኖች ትልቁ በዓላቸው ትንሣኤ ነበር። በሮም የልደት በዓል በዲሴምበር 25 ይከበር እንደነበር የሚያሳየው ጥንታዊ መዝገብ ወደ እ.ኤ.አ. 336 ይመልሰናል። በምሥራቅ በኩል ብዙዎች ልደቱንና ጥምቀቱን በአንድ ቀን ያከብሩ ነበር፤ አርመኖች እስከ ዛሬ እንዲሁ ናቸው። ዮሐንስ አፈ ወርቅ በ386 በአንጾኪያ ሲሰብክ በዓሉ ወደ እነርሱ ከመጣ ዐሥር ዓመት እንዳልሞላው ተናግሯል። ቀኑ ለምን እንደተመረጠ ሊቃውንት ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ አረማውያን ለፀሐይ ከሚያከብሩት በዓል ጋር ያያይዙታል፤ ሌሎቹ ከብሥራቱ ቀን ተነሥተው ዘጠኝ ወር ይቆጥራሉ። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ፤ የአያቴ አቆጣጠር ነውና። በጥንቱ በዩልዮስ ቀመር ማርች 25 የእኛ መጋቢት 29 ነው፤ ዲሴምበር 25ም የእኛ ታኅሣሥ 29 ነው። ልዩነቱ የመጣው ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 ቀመሩን ስላረሙ ነው። የእኛ ታኅሣሥ 29 ከቦታው አልተነቃነቀም። በእነርሱ ዘንድ ዛሬ ጃንዋሪ 7 ላይ ይውላል፤ ከ2100 በኋላ ደግሞ ወደ 8 ይዞራል። ልጆቻችን ይህን ይወቁ፤ የተወለደው አንድ ጊዜ ነው።

ዛሬ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። በጉ ደረጃ ይወጣል፤ ቅርጫው በቴሌግራም ይዋጣል፤ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት አንድ ሰው የጻፈው ለሺህ ሰው ይተላለፋል። ሁሉ ከፋ ብዬ አላለቃቅስም። በገና ሌሊት አብያተ ክርስቲያናቱ ነጭ በለበሱ ወጣቶች ይሞላሉ፤ እኛ ልጅ ሳለን ግዕዙን ሳንሰማ የምናልፈውን እነርሱ መጽሐፍ ይዘው ይከተላሉ። ላሊበላም እንደ ጥንቱ ነው፤ ምእመናን ከሩቅ በእግራቸው ይጓዛሉ፤ ታኅሣሥ 29 የቅዱሱ ንጉሥ ልደት ጭምር ነውና በዓሉ ድርብ ነው። በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ ማሜ ጋራ በሚባለው የዓለት አፋፍ ላይ ካህናቱ ቆመው ከታች ካሉት ጋር እየተቀባበሉ ቤዛ ኩሉን ይዘምራሉ፤ ላይ ያሉት የመላእክት፣ ታች ያሉት የሰው ልጆች ምሳሌ ናቸው። ይህን ያየ ሰው በዓሉ ጠፋ አይልም።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። በየሕንፃው መግቢያ የፕላስቲክ ዛፍ ይቆማል፣ የፈረንጅ በረዶ ለማስመሰል ጥጥ ይነሰነስበታል፣ ከጎኑም ቀይ የለበሰ የገና አባት ተቀምጦ ከልጆች ጋር በክፍያ ፎቶ ይነሣል። እኒህ ሰው ማን እንደሆኑ ለልጆቹ የሚነግራቸው የለም። የሜራው ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ኒቆላዎስ ናቸው፤ ስንክሳራችን ታኅሣሥ 10 ያነሣቸዋል። ገድላቸው እንደሚለው አንድ ድሃ አባት ሦስት ሴት ልጆቹን የሚድርበት አጥቶ ለውርደት ሊዳርጋቸው ሲል፣ ኒቆላዎስ ማንም ሳያያቸው በሌሊት ወርቅ ወርውረውለት ሄዱ። ማን እንደሰጠ እንዳይታወቅ ጨለማ የመረጡ ሰው ዛሬ ከፎቶ መብራት በታች ተቀምጠዋል፤ መክፈል የማይችል ልጅም ከመስታወቱ ውጭ ቆሞ ያያቸዋል።

ገና ጨዋታም አሁን መለያ ተለብሶ፣ ዳኛ ቆሞለት፣ በባህል ስፖርት ስም ውድድር ይደረግበታል። መትረፉ ደስ ይለኛል። ነገር ግን በዚያ ሜዳ ጌታውን የሚመታ እረኛ የለም።

ዋናው የቁጭቴ ምንጭ ይህ ነው፦ በዓሉ ገንዘብ ላለው ሰው በዓል ሆኗል። የዶሮና የሽንኩርት ዋጋ ታኅሣሥ ሲገባ ይወጣል፤ ድሃ እናት በዓሉ ባይመጣ ብላ የምትመኝበት ጊዜ ደርሷል። የምሥራቹ መጀመሪያ የተላከው ለድሆች ሆኖ ሳለ ድሃ ሲፈራው ማየት ልብ ይሰብራል። እኛ ያለን ደግሞ ቤታችንን በዕቃና በእንግዳ እንሞላለን፤ የምንጠራቸውም በተራቸው የሚጠሩንን ነው። በቤተ ልሔም በር የዘጋውን ሰው ክፉ ነበር የሚል የለም፤ ቤቱ ሞልቶበት ነው።

እረኞቹስ ዛሬ የት አሉ? እኔ በየሌሊቱ አያቸዋለሁ። ከቅዳሴ ስንመለስ የኮንዶሚኒየሙን በር የሚከፍትልን ዘበኛ አለ፤ ያረጀ የወታደር ካፖርት ለብሶ፣ በቆርቆሮ ከሰል አቀጣጥሎ፣ የሁላችንን መኪናና ሕፃናት ሲጠብቅ የሚያድር። ከገጠር የመጣ ነው፤ እርሱም ቤተሰብ አለው፤ የበዓሉን ሌሊት ግን የሚያድረው በእኛ ደጅ ነው። በየመኪና ማቆሚያው የሚያድሩ ልጆች አሉ። በሰው ቤት ተቀጥራ ለበዓሉ ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ስታቁላላ አድራ ቅዳሴ ያመለጣት ልጅ አለች። በቤይሩትና በሪያድ ደግሞ ገናቸው ከሌላው ቀን የማይለይ፣ የሰው ልጅ ታቅፈው የሚያነጉ እህቶቻችን አሉ። ሌሊት ነቅተው የሚጠብቁት እነዚህ ናቸው። መልአኩ ዛሬም ቢመጣ አስቀድሞ የሚያገኘው እነርሱን ነው፤ እኛ ተኝተናል፣ ወይም ሆዳችን ሞልቷል።

አያቴ ሰባኪ አልነበረችም፤ ፊደልም አልቆጠረችም። ከወንጌሉ የገባትን በአንድ ቁራሽ ዳቦ ፈጸመችው፤ ያን ቁራሽ የበላው ልጅ እስከ ዛሬ ይጠራታል። ባለፈው በዓል ስንገናኝ ያነሣው የዶሮውን ወጥ ወይም ያሸነፈበትን ጨዋታ አይደለም። «እትዬ ‹ቅደም› ሲሉኝ ሰው መሆኔን አወቅሁ» ነው ያለኝ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዘንድሮ ታኅሣሥ 29 ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በሩን የሚከፍትልህን ሰው ስሙን ጠይቀው። የተረፈውን በፌስታል ቋጥረህ ከሰዓት አትላክለት። በቤትህ የምትሠራውንም ልጅ ከጓዳ ጥራት። ዶሮው ሲወጣ፣ ዳቦው ሲቆረስ፣ ልጆችህ እያዩ ሁለቱን ከማዕዱ አስቀምጣቸውና ከአንተ በፊት ይቁረሱ።